ክፍያንም ሥራንም በአንድ ጊዜ የማጣት ዘዴ

አሜሪካ ውስጥ የዲሴቢሊቲ ክፍያ እያገኙ ሥራ ሊጀምሩ ነው እንበል። ሁለቱንም ለማጣት ከፈለጉ መንገዱ ይኸውልዎ።

በመጀመሪያ የሚያገኙት የትኛውን ክፍያ እንደሆነ አይጠይቁ። «ዲሴቢሊቲ ላይ ነኝ» ብለው ይለፉት። ከሁለቱ ክፍያዎች ኤስ ኤስ ዲ አይ ሠርተው በከፈሉት የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ያፈሩት መብት ነው። ኤስ ኤስ አይ ደግሞ ገቢውና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። የሥራ ደንባቸው ለየቅል ስለሆነ፣ ይህን ካወቁ የሰው ወሬ አያስደነግጥዎትም።

ከዚያ ወሬውን ይመኑ። ከቅዳሴ በኋላ አንዱ «አንድ ዶላር ከሠራህ ቼክህ ቀጥ ይላል» ሲል ወረቀት አውጥተው አያስሉ። በ2025 የአንድ ሰው ሙሉ የፌዴራል ኤስ ኤስ አይ በወር 967 ዶላር ነበር። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በወር 885 ዶላር ቢሠራ 85ቱ አይቆጠርበትም፤ ከቀሪው 800 ደግሞ ግማሹ ብቻ ይቆጠራል። ከ967ቱ 400 ይቀነስና 567 ይቀራል፤ ከደመወዙ ጋር ሲደመር ታክስ ሳይነሳ 1,452 ዶላር ይሆናል። ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው በማጣት፣ መሥራት እየቻለና እየፈለገ ቤት የቀረ ሰው ያንገበግበኛል። ኤስ ኤስ ዲ አይ ላይ ያለ ሰውም ዘጠኝ የሙከራ ወራት አሉት፤ በእነዚያ ወራት ሥራውን እስካሳወቀ ድረስ ምንም ያህል ቢያገኝ ቼኩ አይነካም።

ሥራውን ከጀመሩ ደግሞ ለማንም አይንገሩ። ኤስ ኤስ አይ የገቢ ለውጥን እስከ ቀጣዩ ወር 10ኛ ቀን ድረስ ማሳወቅን ይጠይቃል። ዝም ካሉ አሠሪው ለመንግሥት ያስገባው የደመወዝ መረጃ ውሎ አድሮ ይገለጣል፤ «ያለአግባብ የተከፈለዎትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤም ይመጣል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ያስቀምጡት። የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ እዚያው ፖስታ ውስጥ ያልቃል።

የእቁብ ዕጣ ሲደርስዎ ገንዘቡን ባንክ አስገብተው ወሩን ያሻግሩት። የኤስ ኤስ አይ የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ ይህ ራሱ ግፍ ነው። ወሩ ሲብት ከዚያ በላይ ከተገኘብዎ የዚያ ወር ክፍያ የለም። ኤብል የሚባለውን የቁጠባ ሂሳብም አይክፈቱ፤ እዚያ የገባን እስከ 100,000 ዶላር ኤስ ኤስ አይ አይቆጥረውምና። ሂሳቡን ለመክፈት ጉዳቱ ከ26 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ መሆን አለበት የሚለው ገደብ ከ2026 መግቢያ አንስቶ ወደ 46 ከፍ ብሏል።

ታክስ? «ዲሴቢሊቲ ላይ ያለ ሰው ታክስ አይመለከተውም» ብለው አይሙሉ። ኤስ ኤስ አይ በእርግጥ ታክስ የለበትም። ኤስ ኤስ ዲ አይ ግን የዓመቱ ክፍያ ግማሽ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ፣ ላላገባ ሰው ከ25,000 ዶላር ካለፈ ከፊሉ ታክስ ይነሳበታል። ካልሞሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን ተመላሽ ያጣሉ፤ እሱን ደግሞ ኤስ ኤስ አይ እንደ ገቢ አይቆጥረውም፣ ለ12 ወር ቢያስቀምጡትም እንደ ንብረት አይታሰብብዎትም።

ደረሰኝ ሁሉ ይጣሉ። በጉዳትዎ ምክንያት ለሥራ የሚያወጡትን ወጪ፣ ለምሳሌ ማንም የማይተካልዎትን የዊልቼር ጥገና፣ ከገቢዎ ላይ ሊያስቀንሱ ይችሉ ነበር። ማየት የተሳነው ሰው በኤስ ኤስ አይ ከደመወዙ የተቆረጠውን ታክስና የሥራ ቦታ ምሳውን ሳይቀር ያስቀንሳል።

በመጨረሻም ጤናዎ ከሥራው ቢያስቀርዎ፣ ማመልከቻውን እንደ አዲስ ከሀ ይጀምሩ። ክፍያው በሥራ ገቢ ምክንያት ከቆመ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው በፍጥነት እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል፣ ውሳኔው እስኪሰጥም እስከ ስድስት ወር ጊዜያዊ ክፍያ ሊያገኝ እንደሚችል ለጎረቤትዎም አይንገሩት።