የሻንጣ አቅጣጫ፦ ስለ ዕረፍት ጉዞ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የዓመት ፈቃድ ለምን እንደሚሰጥ ሕጉ በግልጽ ተናግሯል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ዓላማው ሠራተኛው አርፎ በታደሰ መንፈስ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው ይል ነበር፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀን ይፈቅድና በየዓመቱ አንድ አንድ እየጨመረ እስከ 30 ያደርሰው ነበር። የግሉ ሠራተኛ ግን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ16 ቀን ይጀምራል፤ እሱ ቶሎ ቶሎ እንዲያርፍ ይጠበቃል ማለት ነው። ሠራተኛው የት ሄዶ እንደሚያርፍ ሁለቱም አዋጆች ትንፍሽ አላሉም። ይህ ጥናት የሕግ አውጪውን ዝምታ ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ዘዴ ቆሞ ማየት ነው። በክረምት ቦሌ አየር ማረፊያ፣ በመስከረም አየር ጤና መናኸሪያ ተቁሟል። ቃለ መጠይቅ ሆን ተብሎ ቀርቷል። «ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» የተባለ ተጓዥ ሁሉ፣ ዱባይም ይሂድ ወልቂጤ፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ» ስለሚል መልሱ ለሳይንስ አይጠቅምም።

ከዚህ ቀደም በየቡና ቤቱ የሚነገሩ መላምቶች ሦስት ናቸው። የአየር ጠባይ የሚለው በቶሎ ይወድቃል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መፈክር ሲያስተዋውቁ ፀሐይዋን ለገበያ ያቀረቡት ብርድ ላስመረረው ፈረንጅ ነበር፤ ባለ አገሩን ማንም አልጋበዘውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ሐምሌ ላይ ዝናብ ሸሽቶ ዱባይ ይወርዳል። ዱባይ በዚያ ወር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትግል ውሎው የገበያ ማዕከል ውስጥ ይሆናል፤ የገበያ ማዕከሉ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሹራብ ያስደርባል። ከእነዚህ ማዕከላት በአንደኛው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰው ሠራሽ በረዶ ላይ መንሸራተቻ አለ። ከመገናኛ ዝናብ ያመለጠው ዜጋ እዚያ የተከራየውን ካፖርት ለብሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ፎቶ ይነሣል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ አልፎ አልፎ ያንኑ በረዶ በነፃ ማቅረቡን የሚያስታውሰው የለም።

ሁለተኛው መላምት ገንዘብ ነው፤ ያለው ውጭ ይወጣል፣ የሌለው አገሩን ይወዳል የሚል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ ሁላችንም አገር ወዳድ በሆንን ነበር። ቦሌ ያለው ሰልፍ ግን ስለ ምንዛሪው የሰማ አይመስልም። ደግሞስ አገር ቤት ርካሽ ነው ያለው ማን ነው? ለበሬ መግዣ ያዋጣ፣ ለአጎት ልጆች ልብስ የገዛ፣ ለዕድሩም ለዘመዱም የዘረጋ ሰው ሲመለስ ሒሳቡን ለሚስቱ አያሳይም።

ሦስተኛው፣ አዲስ ባህል የማየት ጉጉት የሚለው፣ ዴይራ የሚገኙ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይሞታል። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አገር ጎብኚው ክትፎ አዝዞ «ትንሽ ለብለብ ይበል» ሲል ይሰማል።

የሰነድ ጉዳይ ቢነሣ ይጠቅማል። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል፤ አውሮፓ ለመግባት ግን የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ካለም የቤት ካርታና የጋብቻ ወረቀት አያይዞ እንደሚመለስ ማሳመን አለበት። አገር ቤትም ቪዛ አለ፤ ሰጪዋ እናት ናት። ልጇ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ትለዋለች። ቀኑን ሲነግራት ኤምባሲውን ደስ ያሰኘው ያው መልስ እሷን ያስለቅሳታል። የባንክ ስቴትመንት አትጠይቅም፤ ሻንጣውን ብቻ በዓይኗ ትመዝናለች።

የጥናቱ ግኝትም እዚሁ ሻንጣው ላይ ነው። ውጭ የሚያርፍ ሰው ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ ነው። አገር ቤት የሚያርፍ ሰው ሲሄድ ሙሉ፣ ሲመለስ ባዶ ነው። ሰው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ዕቃ የሚጠብቁበት ዘመዶች በመነሻው ወይም በመድረሻው መሆናቸው ነው።

ማስረጃውን እንመልከት። ዱባይ የሚሄድ ሰው ትልቅ ሻንጣ እየገፋ ቦሌ ሲደርስ ክብደቱ አይሰማም፤ ምክንያቱም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ያለው ትንሹ ሻንጣ ነው። ትንሹ ውስጥ እዚያ ለምትሠራ የእህት ልጅ የተላከ በርበሬና ዳቦ ቆሎ አለ። ጉዞው በተሰማ ማግስት አክስቱ ዘንድ የተደረገውን ንግግር የጥናቱ አቅራቢ አጠገባቸው ቡና እየጠጣ መዝግቦታል፦

«ዱባይ ልትሄድ ነው አሉ፣ አንተ ልጅ?»

«አዎ እትዬ፣ ለአምስት ቀን ነው። ትንሽ ልረፍ ብዬ።»

«ጎሽ፣ እረፍ! ለብርድ ልብሱ አንድ ቀን ይበቃል። የቀረውን ለራስህ አድርገው።»

«የምን ብርድ ልብስ?»

«ባለ ሁለት ፊቱ ነዋ። ለእኔ ቡኒው ይሁን፤ የጎረቤታችንን ቀለም እሷው ትደውልልሃለች።»

በአምስተኛው ቀን የዱባይ አየር ማረፊያ ሚዛን ላይ የሚሆነው የታወቀ ነው። የተፈቀደው 23 ኪሎ፣ ሚዛኑ የሚለው 29። ሻንጣው መሀል ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይከፈታል። ድስት ይወጣል፤ ድስቱ ውስጥ የልጅ ጫማ፣ ጫማው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ሽቶ። ብርድ ልብሱ ከአንደኛው ሻንጣ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሌላውም በተራው 26 ይላል። ተጓዡ በ40 ዲግሪ ሙቀት አገር ሦስት ጃኬት ደራርቦ ይለብሳል፤ ኪሶቹ ውስጥ ቻርጀር ያጭቃል። ድስቱን በእጁ ይዞ አውሮፕላን ሲሳፈር ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር፣ አዋጁ የታደሰ መንፈስ ይለው የነበረው መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

አሁን ወደ አየር ጤና። መስቀል ሲቃረብ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ዓመቱን ሙሉ «የመጨረሻ ዋጋ» ሲል የከረመ ነጋዴ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ጉራጌ ምድር ይገሰግሳል። መስከረም 17 ከተማ ውስጥ የተገኘ ሰው ወይ ታሟል ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም መኪናው መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነው ከላይ የተጫነው ነው፦ ስኳር፣ ቡና፣ ለእናት ቀሚስ፣ ለአባት ጋቢ፣ በአንድ ሻንጣ የታጨቀ የልጆች ልብስ፣ አንዳንዴም ፍራሽ። እዚያ ሲደርሱ ክትፎው፣ ቆጮውና አይቡ ይቀርባል፤ ከበላ በኋላ ግን ሥራ አለ። የተጣላ ይታረቃል። ያላገባ «ዘንድሮስ?» ይባላል። የወሰን ክርክር ያለበት ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። ለማረፍ የመጣው ሰው የመርካቶ ሱቁ ውስጥ ያልገጠመውን ስብሰባ በሦስት ቀን ይጨርሳል።

ሲመለስ ቅቤ ይዞ ስለሚመጣ ሻንጣው ባዶ ነው ማለት ያስቸግራል የሚል ተቃውሞ ከአንድ ባልደረባዬ ቀርቧል። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። ዋነኛው ጭነት ግን የሽማግሌዎች ምርቃት በመሆኑና ምርቃት ሚዛን ላይ ስለማይወጣ፣ ግኝቱ እንዳለ ይቆያል።

ከሁለቱ ወገን የማይመደቡ አሉ። ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ደርሰው የሚመለሱት የሚፈልጉት ሻንጣ ሳይሆን ስልክ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ በልተው፣ ከአባ ኮዳው ጋር ፎቶ ተነሥተው እሑድ ማታ ይገባሉ። ከእነሱ ዘንድ ዕቃ የሚጠብቅ ዘመድ ስለሌለ እውነተኛ ዕረፍት ያገኙ ይመስላሉ፤ መመለሻ ላይ ያለውን የመኪና ሰልፍ ያየ ግን ይህን አይጽፍም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ የተቀመጠው ነው። የትም አልሄድም፣ አልጋዬ ላይ መጽሐፍ አነባለሁ ብሎ የወሰነ ሰው ነበር። ወሬው በመጀመሪያው ማለዳ ቤተሰቡ ጋ ደረሰ። ሰኞ ውኃ የምትመጣበት ቀን ስለሆነ ሮቶ እንዲሞላ ተመደበ። ማክሰኞ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ተላከ፤ ሲስተም የለም ተብሎ ረቡዕም ተላከ። ሐሙስ «አንተ ሥራ የለህ» ተብሎ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ዋለ። ዓርብ ጠዋት ለአለቃው ደውሎ የቀሩትን ቀናት መሰረዝ ይቻል እንደሆን ጠየቀ።

ግኝቱን ክፉኛ የፈተነው ግን ከዋሽንግተን የመጣው ወንድማችን ነው። ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ይወርዳል፤ ወደ አገሩ ለዕረፍት ስለመጣ አገር ቤት የሚያርፍ ነው። ፓስፖርቱ የአሜሪካ ስለሆነ ደግሞ ውጭ አገር የሚያርፍ ነው። ሕጉ ጋ ብንሄድ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ይለውና ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ በካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል። የውጭ ዜጋም ሆኖ አገሩ ገባ። ፈራጁ እንግዲህ ሻንጣው ነው ብለን ተከተልነው። ሲመጣ ሁለቱም ሻንጣ በጫማ፣ በቫይታሚንና በስልክ ጢም ብሏል። ሲመለስ ሁለቱም በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በድርቆሽና ለማያውቃቸው ሰዎች በተላከ ጥቅል ጢም ብሏል። በመሄዱም በመመለሱም ሙሉ የሆነ ሌላ ተጓዥ በጥናቱ ውስጥ አልተገኘም።

በዚህ ስሌት ሁለቱንም ዓይነት ዕረፍት በአንድ ጊዜ ያረፈ እሱ ብቻ ነው። ይህንኑ ከራሱ አንደበት ለማረጋገጥ ቃለ መጠይቅ አይደረግም የሚለው ደንብ ለአንድ ጊዜ ተነሥቶ ያረፈበት ቤት ድረስ ተሂዶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዘመድ ጥየቃ እንደወጣ፣ ከዚያ ለገሐር የሚያደርሰው ጥቅል እንዳለ፣ ማታ ደግሞ ሦስት ቤት እራት እንደሚጠበቅ፣ ምናልባት ዋሽንግተን ከተመለሰ በኋላ ቢደወልለት እንደሚሻል አጎቱ ነግረውናል።