ሦስት ፍሬ ለአራት ሰው

«ከዚህ በፊት እኛ ጋ ተመግባችሁ ታውቃላችሁ?» አለችን አስተናጋጇ፣ ገና ወንበራችን ላይ ሳንደላደል። ይህቺን ጥያቄ ስሰማ ወገቤን ያመኛል። አናውቅም ካልን ትምህርት አለ፤ እናውቃለን ብንልም ክለሳ አለ። የቤቱ «ፍልስፍና» ሳይነገር ውሃ እንኳ አይቀዳም።

ፍልስፍናው እንዲህ ነው። ምግቡ የጃፓንና የአሜሪካ ቅይጥ ነው። ሳህኖቹ ትንንሽ ናቸው። ወጥ ቤቱ የደረሰለትን በደረሰለት ሰዓት ይልካል፤ ስለዚህ «የኔስ?» ብሎ መጠየቅ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልጅቷ እዚህ ላይ ስትደርስ እጇን አጣምራ ፈገግ አለች፣ ሁሉም የተዘጋጀው «ለመጋራት» ነው።

አማቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።

«ምን ትላለች?» አሉኝ።

«አብራችሁ ብሉ ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለየብቻ የሚበላ አለ?»

የመጣነው ልጄ ሃይስኩል ስለጨረሰች ነው። ምረቃው የእሷ ስለሆነ ምርጫውም የእሷ ነው። የኔ ሐሳብ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈራችን ለእኛ ማኅበራዊ፣ ለእማማ በየዓይነቱ አዝዘን፣ ቡናችንን ጠጥተን መግባት ነበር። እሷ ግን ዲሲ መሃል፣ ድሮ ክትፎ ፍለጋ እንመላለስበት ከነበረው ከዩ ስትሪት ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ይዛ ጨርሳለች። የተገኘው ሰዓት በአበሻ አቆጣጠር ወይ አሥራ አንድ ከሩብ ወይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነው፤ አንደኛው መክሰስ፣ ሌላው እንቅልፍ። ለመያዝ የባንክ ካርድ ቁጥር ይሰጣል፤ ብንቀር በነፍስ ወከፍ 25 ዶላር ይቆረጥብናል። ብንመጣም ገበታው የእኛ የሚሆነው ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የእንግዳዬን ቤተሰብ ጤና እንኳ ጠይቄ አልጨርስም።

ቤቱ ጨለማ ነው። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ በስልኩ መብራት ሳህኑን ይመረምራል፤ መብራት የሄደበት ሰፈር ይመስላል። ሜኑ የሚባለው ወረቀት የለም፤ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈች ጥቁርና ነጭ ካሬ ናት ያለችው፣ እሷን በካሜራ ያላነሳ አይበላም። የእማማ ስልክ ደግሞ ኢሞ ከመደወል ያለፈ ሥራ ለምዶ አያውቅም። ወንበሩ መደገፊያ የለውም፤ ከፍታው የእማማን እግር አየር ላይ አንጠልጥሎታል። ሙዚቃው ደረት ይደበድባል። የልጅ ልጃቸውን ሊመርቁ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡ፤ «አሜን» የሚል ሰው አልሰማቸውማ።

ወሩ ሰኔ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። እኔና ባለቤቴ ይህን ጾም ስንፈልግ እናስታውሰዋለን፣ ስንፈልግ እንረሳዋለን፤ እማማ ግን ቀልድ አያውቁም። አስተናጋጇን ጠራኋት።

«ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ዓሣም የሌለበት ምን አላችሁ?»

«ቪጋን ናቸው?»

«ጾመኛ ናቸው።»

ጻፈችው። ምን ብላ እንደጻፈች እንጃ። ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ ይዛ የመጣችው የክልከላ ዝርዝር ነበር። እንጉዳዩ በቅቤ ተጠብሷል። ሰላጣው ላይ የደረቀ ዓሣ ተፍቆበታል። ሚሶ ሾርባው ውስጥ ዳሺ አለ፤ ዳሺ ማለት ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም የሚወጣ መረቅ ነው፣ ለጃፓን ወጥ ቤት እንደኛ ቁሌት ማለት፣ ያልገባበት የለም። የተረፈው ሁለት ነገር ነው፦ ኤዳማሜና የአትክልት ቴምፑራ፣ ያውም ያለ ማጥቀሻው።

ኤዳማሜው መጣ። የአኩሪ አተር እሸት ነው፤ ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ጨው ተነስንሶበታል። 9 ዶላር። እማማ አንዷን አንስተው ፈለቀቁና፣ «ይሄማ እሸት ነው!» አሉ። ፊታቸው በራ። እሸት በየመንገዱ ዳር በእቅፍ የሚሸጥበት፣ ማሳው አጠገብ ላለፈማ ያለ ዋጋ የሚሰጥበት አገር ሰው ናቸውና ዋጋውን አልነገርኳቸውም። እየፈለቀቁ ለልጄ፣ ለባለቤቴ፣ ለኔም በየተራ በአፋችን አጎረሱን። ጎረቤታችን ያሉት ጥንዶች በግርምት አዩን። አስተናጋጇ ስለ መጋራት ስትሰብክ ግን ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር።

ከዚያ ሦስቷ ፍሬ መጣች። በዘይት እስኪደርቅ የተጠበሰ ሩዝ፣ በላዩ ላይ የተከተፈ ጥሬ ቱና፤ ቅቤና ሚጥሚጣ የረሱት ክትፎ በሉት። 19 ዶላር፣ ሦስት ፍሬ። እማማን ብናወጣ ልክ ሦስት ነበርን፤ ግን ወጥ ቤቱ ጾመኛ ቆጥሮ አልቀነሰም፤ ለአራት ሰው ነው ሦስት የላከው። ጊዮዛው፣ ሳምቡሳ መሳዩ፣ አምስት ሆኖ መጣ። ትንንሾቹ ቡርገሮች ደግሞ ሦስት። ለመጋራት የተዘጋጀ ምግብ እንዴት ለሁለትም ለአራትም የማይካፈል ቁጥር ይሆናል? አንዳንዴ የሚመስለኝ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይህን ብቻ የሚያሰላ ባለሙያ ተቀጥሯል።

የተረፈችው አንዲት ፍሬ ነገር ደግሞ የእኛ ብቻ ሕመም ነው። እኔ «ብይው» እላለሁ፣ ባለቤቴ «አንተ ብላው፣ በሞቴ» ትለኛለች፣ ልጄ «እኔ ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ሦስታችንም እንዋሻለን። ጊዮዛዋ እየቀዘቀዘች ሩብ ሰዓት ስንገባበዝባት ቆየን። በመጨረሻ አንድ ልጅ መጥቶ «ጨርሳችኋል?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ሳህኗን አነሳት። አምስቱም ዓይኖቻችን (የኔ አንዱ ሞራ ጀምሮታል) አብረዋት ወጥ ቤት ገቡ።

መቀየጡ ላይ ጠብ የለኝም። እንዲያውም የጃፓን-አሜሪካውያን የምግብ ታሪክ ከኛ የስደት ታሪክ ጋር ይመሳሰልብኛል። በ1942 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በበረሃና በረግረግ ካምፖች ታጎሩ፤ አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በሰልፍ የሚታደላቸውን ቋሊማና የቆርቆሮ ሥጋ ከሩዝና ከሶይ ሶስ ጋር ማስማማት ነበረባቸው። ሃዋይ ላይ ያለው ስፓም ሙሱቢም የዚያው ዘመድ ነው፦ የቆርቆሮ ሥጋ ቁራጭ በሩዝ ላይ፣ በባሕር አረም መቀነት ታስሮ፣ የሠራተኛ ምሳ። እኛስ? ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ ከሱፐርማርኬት ዱቄትና ከጋዝ ውሃ እንጀራ አልጋገርንም? ካሊፎርኒያ ሮልም ከችግር ነው የመጣው። መጀመሪያ የሠራው ማን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ ገሚሱ የሎስ አንጀለሱን ኢቺሮ ማሺታን፣ ገሚሱ የቫንኩቨሩን ሂዴካዙ ቶጆን ይላል። ፈረንጁ ጥቁሩን የባሕር አረም ሲያይ ስለሚሸሽ ሩዙን ወደ ውጭ ገልብጠው አረሙን ከውስጥ ደበቁት፤ በሰባው ቱና ፈንታ አቮካዶ አስገቡ። ብልህ ወጥ ሠሪ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ያ የሠራተኛ ምሳ፣ ስፓም ሙሱቢው፣ እዚህ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በ16 ዶላር መጣ። ሁለት ፍሬ። ከጎኑ አንዲት አበባ አለች፤ ትበላለች ተባለ።

ስለ ካሊፎርኒያ ሮሉ ሸርጣን ብዙ አልልም፤ ሸርጣን አይደለም፣ ፖሎክ የሚባል ነጭ ዓሣ ተፈጭቶ ጠርዙ ቀይ የተቀባ ነው፤ ይህን ለምዶ ያልተወ የለም። ዋሳቢው ግን አሳቀኝ። እማማ ቴምፑራቸው ያለ ማጥቀሻ ደርቆባቸው ነበርና፣ ጠርዝ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ጉብታ ዓይተው «ይቺስ ያስፈስካል?» አሉ። «አያስፈስክም» አልኳቸው። በካሮት ጥብስ ጠቀስ አድርገው ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣

«ሰናፍጭ ናት» አሉ። «ማነው አረንጓዴ ያደረጋት?»

ልጄ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ እኔ ቀደምኳት። እውነተኛው ዋሳቢ እንደ ኢዙና ናጋኖ ባሉ የጃፓን ተራራማ ስፍራዎች፣ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ውድ ግንድ ነው፤ ከተፈገፈገ በኋላ ሽታው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። አሜሪካ ውስጥ በየሳህኑ የሚቀመጠው በአብዛኛው ሆርስራዲሽ የሚባል ሥርና ሰናፍጭ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮበት። ስልጆ ሲያዘጋጁ የኖሩ ሴት በአንድ ጉርሻ ደረሱበት።

ቴምፑራውን ግን ወደዱት፤ እኔም ስለ ቴምፑራ ክፉ አልናገርም። በሊጥ ነክሮ መጥበሱን ጃፓኖች ያገኙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ናጋሳኪ ከደረሱት ፖርቱጋሎች ነው። ስሙም ሥጋ የማይበላባቸውን የጾም ቀናት ከሚጠራው ቴምፖራ ከሚለው የላቲን ቃል መጣ ይባላል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «የጾም ምግብ ነው በለኛ!» ብለው ሁለተኛውን አነሱ። በዚያው ዘመን፣ በ1541፣ ፖርቱጋሎች ምፅዋ ወርደው ወደ እኛም መጥተዋል። ጠመንጃ ይዘው ረዱን፤ ከኋላ የመጡት ሚሲዮኖቻቸው ደግሞ በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት አፋጁን። አንድ የጾም ጥብስ አስተምረውን ቢሄዱ ምን ነበረበት!

ሚሶ የጠጣው ብላክ ኮድ ሲመጣ ዝም ብዬ በላሁ። ይህን ዓሣ ዝነኛ ያደረገው ኖቡ ማትሱሂሳ ነው፤ ወጣት ሳለ ሊማ፣ ፔሩ ሄዶ ሠርቶ፣ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ የራሱን ቤት የከፈተ ሰው። እሱ የተንከራተተበትን አገር ሁሉ ምግቡ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ያልተንከራተቱት ሁሉ የእሱን ሳህን ይገለብጣሉ። ዓሣው ጥሩ ነበር፤ 42 ዶላር፣ መዳፌን የምታህል።

እውነት ለመናገር ከዚህ ሁሉ ሂባቺ ቤት ይሻለኛል። እዚያ ቢያንስ መብራት አለ። ሮኪ አኦኪ የሚባል ሃርለም ውስጥ አይስክሬም እየሸጠ ገንዘብ ያጠራቀመ ጃፓናዊ በ1964 ኒውዮርክ ላይ ቤኒሃናን ከፈተና፣ በእንግዳ ፊት በጋለ ብረት ምጣድ ላይ የሚጠብስ ወጥ ቤት አሜሪካ ላይ ተስፋፋ። ስሙ ራሱ ስህተት ነው፤ ጃፓን ውስጥ ሂባቺ የሚባለው ከሰል ተደርጎበት እጅ የሚሞቅበት ነው፣ የእኛ ማንደጃ በሉት። ጠባሹ ሽንኩርት ቆልሎ እሳት ያስተፋዋል፤ ሽሪምፕ ከሩቅ ወደ አፍህ ይወረውራል። የተወረወረ ጉርሻም ቢሆን ጉርሻ ነው።

ጉርሻ ካነሳን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ምግቡ፣ ሦስት ሎሚናት፣ እንዲሁም ማቻ የተነሰነሰበት አንድ ጣፋጭ፣ በድምሩ 200 ዶላር። የዲሲ የምግብ ቤት ታክስ 10 ከመቶ። ቀጥሎ «የአገልግሎት ክፍያ» 5 ከመቶ፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ይህ ጉርሻ አይደለም» ይላል። ታሪኩን አውቀዋለሁ። በ2022 የዲሲ መራጭ በጉርሻ የሚኖሩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ከሌላው ሠራተኛ እንዲስተካከል ድምፅ ሰጠ፤ ብዙ ምግብ ቤቶችም ይህቺን መስመር ሒሳቡ ላይ ጨመሩ። ከዚያ ልጅቷ ማሽኑን አምጥታ ፊቴ ቆመች። 20፣ 22፣ 25። በጃፓን አስተናጋጅ ጉርሻ አይቀበልም፤ ጠረጴዛ ላይ ትተህ ብትወጣ ረሳኸው ብሎ ተከትሎህ ይሮጣል። ከቅይጡ የጃፓኑ ወገን እዚህ ጋ የት ሄደ?

እኔ ግን አልቀንስም፤ አልችልም። ይህ አገር የገባሁ ሰሞን ስድስት ዓመት ሳህን አጥቤያለሁ፣ አስተናግጃለሁ፤ ያቺ ልጅ የቆመችበትን እግር አውቀዋለሁ። 20 ነካሁ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ነበርን። ባለቤቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ሽሮ ጣደች። ልጄ መጀመሪያ «አልራበኝም» አለች፤ እንጀራው ሲዘረጋ ግን ከሁላችንም ቀድማ እጇን ታጠበች። ምርቃቱም ያን ጊዜ ተፈጸመ፤ ሦስታችንም ጮክ ብለን አሜን አልን። የተረፈ ፍሬ ስላልነበረ ማንም ማንንም አልለመነም።

በነጋታው ጠዋት እማማ በኢሞ ለእህታቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው። «ጨለማ ብጤ ነው እንጂ ግሩም ቤት ነው» ይላሉ። «ጃፓኖች ጾም ያውቃሉ! እሸቱን ብታዪው... ሰናፍጩማ አይነገርም! አንቺም በሚቀጥለው ዓመት ስትመጪ እሱ ይወስደናል። ምን ችግር አለ፣ ሰዓቱን ልጅቷ ትይዝልናለች።»