ስዊድንን ከእኔ ቀድሞ የለመደ ወይን

በክፉ ዘመን ከአገሬ ወጥቼ ስዊድን ስገባ አንድ ነገር ግልጽ ነበር፤ እዚህ የሚበቅለው ድንችና አጃ ነው፣ ወይን ያማረው ፊቱን ወደ ፈረንሳይ ያዙር። አሁን ይሄም ደንብ ፈረሰ። በደቡቡ በስኮኔ ወይን ተሰልፎ ቆሞ አየሁ። ስሙ ሶላሪስ ነው፤ ነጭ ወይን። በአገሩ ከሚተከለው ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው። ከእኔ በኋላ መጥቶ ብርዱን ከእኔ ቀድሞ ለመደው!

ልጆቼ «አባባ፣ ትንሽ ነፋስ ይቀበሉ» ብለው ወስደው ሲያቆሙኝ፣ ገበሬው ደረቱን ነፍቶ «ይህን ወይን በሽታ አይደፍረውም» አለ። ስሙልኝ እንግዲህ! ስኳሬን፣ ደም ግፊቴንና አልታጠፍ ያለ ጉልበቴን ይዤ ቆሜ፣ ስለማይታመም ሐረግ ልሰማ!

ሌላው የአውሮፓ ወይን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ የመጣ ሻጋታ ቅጠሉን እያደረቀበት፣ መዳብና ድኝ እየተረጨለት ይኖራል። በመድኃኒት የሚኖር ወይን ይገባኛል፤ ወገኔ ነው። ይሄኛው ግን መርጫ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው።

ለመሆኑ የማን ልጅ ነው ብዬ ሰባት ቤት ልቆጥርለት ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ኖርበርት ቤከር የሚባሉ ተመራማሪ ያዳቀሉት ነው። በእናቱ በኩል የጀርመኑ ሪስሊንግ አለ፤ የአሜሪካ ዱር ወይን ደም ያለበት የፈረንሳዩ ሴይቫል ብላንክም አለ። በአባቱ በኩል ሙስካትና ብርድ የማይፈራው የአሙር ወይን አሉ። ሦስተኛው ቤት ላይ ጣቴ አለቀ። በሽታውን የላከችው አሜሪካ መከላከያውንም በዘር ሰጠችው! እኔ በዘር የወረስኩት ሪህ ብቻ ነው።

ደስ ያለኝ በተርቡ ነው። ወይኑ ቀድሞ ይደርሳል፣ ስኳሩም ብዙ ነው፤ ሻጋታ ያልደፈረውን ተርብ ይወረዋል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

መግዛቱስ? ድሮ ጠርሙሱን ይዞ ለመሄድ የመንግሥት መደብር መሄድ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ወዲህ ገበሬውም ለአንድ ጎብኚ እስከ 3 ሊትር ወይን እንዲሸጥ ተፈቅዷል፤ ገዢው ግን መጀመሪያ ከፍሎ መጎብኘት፣ ማብራሪያም መስማት አለበት። ጠጅ ቤት ገብቶ ስለ ጌሾ አተካከል ትምህርት የተሰጠው ሰው ታውቃላችሁ?

ቀመስኩት። ይጣፍጣል፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማብራሪያው የሚሰማው ቆሞ ነው፤ መቀመጫ ይዛችሁ ሂዱ።