የቮልስ የዘር ቆጠራ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ ከመኪናው ስር የሚንጠባጠብ ዘይትና ስለ ሞተሩ የሚወራ ታሪክ። ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ቢያንስ መካኒኩ ያውቃል።

«ኦሪጅናል የጀርመን ነው፤ ተከፍቶ አያውቅም!» ይላል ሻጩ። ተከፍቶ የማያውቅ የቮልስ ሞተር በዚህ ከተማ ካለ ሙዚየም ይግባ። ጀርመን የመደበኛውን ቮልስ ምርት ያቆመችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፑዌብላ ያለው የሜክሲኮ ፋብሪካ ግን እስከ 2003 ቀጥሏል። ብራዚልም በበኩሏ ስትሠራ ኖራለች። ሜክሲኮ ሲባል አደባባዩ ብቻ ትዝ ለሚለን ሰዎች ይህ ወሬ አይጥመንም።

ከዚያ አዋቂው ይመጣል። የኋላውን ኮፈን ያስከፍትና ነዳጅ አስረግጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «የስልሳ ስድስት ድምፅ ነው» ይላል። በማን አቆጣጠር? እሱ እንደ ገዢው ነው። አሮጌ ለሚወድ በፈረንጅ፣ ሥራ ሊሄድባት ለሚፈልግ በእኛ ይቆጠርለታል፤ ሞተሩም እዚያው ቆሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል።

ሞተሩን ራሱን ግን የሚጠይቀው የለም። ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ስር፣ ብሎኩ ላይ፣ ፊደልና ቁጥር ተመትቶበታል። ዲ 1200፣ ኤፍ 1300፣ ኤች 1500 ነው። ኤዲ ከሆነ በ1970 እ.ኤ.አ. የመጣው 1600 ነው። ቁጥሩ ከፋብሪካው ሰንጠረዥ ጋር ሲተያይ ዘመኑን ይናገራል። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በኦገስት ስለነበር በ1965 መጨረሻ የተሠራውም «የ66» ይባላል፤ አዲስ ዓመት አከባበር ላይ እንኳ ከፈረንጆቹ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚያስፈልገው ቤንዚን የነካ ጨርቅ ነው። ግን ቅባቱ ሲጠረግ ታሪኩም አብሮ እንዳይጠረግ ይሰጋል መሰለኝ፣ ጨርቁን የሚያነሳ አላየሁም።

በእርግጥ ፊደሉ ቢገኝም ነገሩ አያልቅም። ይህን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ እጁ የፈጠነ መካኒክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወርደዋል። እናም ከአንዱ ሲነቀል ለሌላው ሲገጠም ዕድሜውን ጨርሷል። ብሎኩ ከአንዱ፣ ቴስታታው ከሌላው፣ ካርቡሬተሩ ከሶማሌ ተራ። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ እንኳ እዚህ ሁለተኛው ቤት ላይ ይቆምበታል።

ጨርቁ የሚነሳው ስም ማዛወር ሲመጣ ነው። መርማሪው ሊብሬውን ይዞ ጎንበስ ይላል። ሊብሬው ዲ ይላል፤ ብሎኩ ኤዲ። ሻጩ ለአፍታ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ነቅንቆ እንዲህ አለ፦ «አይ ጀርመኖች! አንዷን ፊደል ሲጨምሩ ሳያዩ ቀርተው ነው።»