የጓሮ ጥብስ በጡረታ ዘመን፦ የመስክ ጥናት

የጥናቱ ቦታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንድ ቤት ጓሮ ነው። ተጠኚዎቹ ታክሲ የነዱ፣ ፓርኪንግ የጠበቁ፣ ሆስፒታል ሲያድሩ የኖሩ፣ ዛሬ ሁሉም ጡረታ የወጡ የድሮ ወዳጆች ናቸው። የአጠናኑ ዘዴ ቀላል ነው፤ አጥኚው ጢስ በማይደርስበት በኩል ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ጢሱ ይደርሳል።

የመጀመሪያው መሰናክል የዘመን አቆጣጠር ነው። አሜሪካ ባንድነት ከሰል የምትለኩሰው ጁላይ 4 ሲሆን፣ ይህ ቀን በእኛ ሰኔ 27 ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ደግሞ ሐምሌ 5 ስለሆነ የነጻነት በዓሉ ሁልጊዜ ጾም ላይ ይወድቃል። ተጠኚዎቹ በጎልማሳነታቸው «እሱ የቄስ ጾም ነው» እያሉ ጎድን ሲግጡ ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን አጥብቀው ይጾሙታል። ሐምሌ በቅጡ ሳይበላበት ፍልሰታ ይገባል፤ ግሪሉም ሁለት ሳምንት ሸራውን ለብሶ ይከርማል። ያለ ክርክር ሥጋ የሚበላው እንግዲህ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ፣ በሠራተኞች ቀን ነው። ቀኑን እንደነሱ ሥራ ያቆመ ሰው አክብሮት አያውቅም።

እሳቱ አንድ ባለቤትና ብዙ አማካሪ አለው። መቆንጠጫውን የያዘ ሰው እስከ ማታ አይለቅም፤ ያልያዘ ደግሞ ዝም አይልም።

«አገላብጠው እንጂ፣ አረረ!»

«ተወው ባክህ፣ ገና ደሙ አልደረቀም።»

«ከሰሉ አመድ ሳይለብስ ሥጋ ይጣላል እንዴ?»

ይህን የመጨረሻውን የተናገሩት ሰው፣ ግሪሉ በጋዝ የሚሠራ መሆኑ ተነግሯቸው «እንዲያውም ለዚህ ነው የማይጥመው» ብለዋል። ባለክዳኑን ክብ ግሪል እ.ኤ.አ. በ1952 የፈጠረው ጆርጅ ስቲቨን የተባለ የቺካጎ አካባቢ ሰው ነው። የከሰሉም ሆነ የጋዙ ክዳን ከነፋስ እንደሚከላከል የታወቀ ነው። ከአማካሪ ግን አይከላከልም፤ በየደቂቃው ይከፍቱታል።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የበሬ ሥጋ ቁራጭ ውስጡ 145 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ሦስት ደቂቃ እንዲያርፍ ይመክራል። በነርስነት ጡረታ የወጡት እመቤት ቴርሞሜትራቸውን ሥጋው ላይ ሰክተው ቁጥሩን ሲጠብቁ፣ ከጀርባቸው ሁለት ሽማግሎች ያልተጠበሰውን በአዋዜ እየቆረጡ ነበር።

«እናንተ ሰዎች፣ ኮሶ ይዟችሁ አረፈው!»

«ኮሶማ እኔን ከአገር ቤት ጀምሮ ያውቀኛል።»

ስለ ጤና የተገኘው ውጤት ለሕክምናው ዓለም አዲስ ሳይሆን አይቀርም። ሪህ፣ ስኳርና ደም ግፊት በተሰበሰቡበት ጓሮ «ሐኪም ከልክሎኛል» ያላለ ሰው የለም። ሆኖም ክልከላው የሚመለከተው ሰው በገዛ እጁ የሚበላውን ብቻ ነው። በወዳጅ እጅ፣ «በሞቴ» ተብሎ የተጎረሰ ሥጋ አይቆጠርም። አንዱ ሌላውን ሲያጎርስ፣ ሌላው ሲመልስለት፣ ያ ሁሉ የተከለከለ ሥጋ ማንም ሳይበላው አልቋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ተጠኚ አጥንቱን ለመጋጥ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል፤ ይህም በጓሮው ያለ ብቸኛ ምሥጢር ነው።

እንዲህ ያለ ጓሮ የተጠራ አንባቢ የራሱን ወንበር ይዞ ይሂድ፤ ምክርም እንደልቡ ይስጥ። መቆንጠጫውን ግን እንዳይነካ።