ሳምባ ያለው ሣጥን

የጣጣው ሁሉ መነሻ የታናሽ እኅቴ ሰርግ ነው። ሰርጉስ በሰላም አለፈ፤ ሙሽሪትም ዛሬ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ሁለት ልጅ እያሳደገች ነው። ጣጣ ያመጣው ቪዲዮው ነው። ካሜራማኑ ከጥሎሽ እስከ መልስ ያለውን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ፣ 6 ጊጋ ባይት አድርጎ፣ በፍላሽ አስረከበንና ሄደ። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ፊልም አታውቅም። እራት ተነሥቶ ቡና ሲፈላ «እስቲ ሰርጓን አምጣት» ትለኛለች። እኔም ከጓሮ ካለችው ሰርቪስ ቤቴ ፍላሹን ይዤ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ አክስቴ ከጅዳ የላከችላት ስማርት ቲቪ ላይ እሰካለሁ። ፍላሹ አንድ ቀን ከሱሪዬ ጋር ታጠበ። ሌላ ቀን ጠፍቶ ከርሞ ከማሾ ጆንያ ውስጥ ተገኘ፤ እንዴት እንደገባ እስካሁን ያመነ የለም።

ቀልድ የሌለበት ምክንያትም ነበረኝ። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት የኛ ከተማ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው ያነሣው ልጁንና የቤት ካርታውን ነው። በኋላ አልጋውም ቲቪውም ቀስ በቀስ ተተካ፤ የፎቶ አልበሙን ግን ማን ይተካዋል? ስለዚህ በቤታችን ያለውን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አከማችቼ፣ ዲስኩን ራውተር ላይ ሰክቼ፣ ማንም ከያለበት በዋይፋይ እንዲያየው ላደርግ ወሰንኩ። በወረቀት ላይ ሥራው የግማሽ ቀን ነበር።

የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ራውተር ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ካርቶኑ ላይ «ከ0 እስከ 40 ዲግሪ» የሚል ተጽፎበታል። መርካቶ ሆኖ ማን ስለ ሙቀት ያስባል? ከአዲስ አበባ ሮቢት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል፤ እኛ ግን መንገዱን የምንለካው በጋቢ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሆነን ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ስናልፍ ተሳፋሪው ሁሉ እንደ ተጀቦነ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እንገዛለን። አርማንያ ስንደርስ ጋቢው ይታጠፋል፤ ሮቢት ስንገባ ሸሚዙም ይከብደናል። ራውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስወርድ እሱም ከኔ ጋር ቆላ መውረዱን ልብ አላልኩም።

የስልክ መስመሩ የሚገባው በትልቁ ቤት ስለሆነ ከእማዬ ብፌ ላይ አስቀመጥኩት። መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። እማዬ ቀረብ ብላ አየችው፤ ሁለቱን አንቴናዎች እንደ ወጠጤ ቀንድ ያዝ አድርጋ አስተካከለቻቸው። ደርሼ ስመለስ ነጭ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። በእማዬ ቤት ዳንቴል ያልለበስነው እኔና ድመቷ ብቻ ነን።

ሲግናሉ ግን ሰርቪስ ቤቴ አይደርስም። ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ፍየል እንደጠፋበት ሰው ግቢውን ዞርኩ። ደጃፉ ላይ ሙሉ ነው፤ ከሮቶው ጀርባ ስገባ ድርግም ይላል። የዋይፋይን ሞገድ ውሃ ይውጠዋል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። የኔ ቤት ፊት ለፊቷ 2 ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዝ ሮቶ ቆሟል፤ በሯም ጣራዋም ቆርቆሮ ነው። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል፤ ፈጣኑ፣ ባለ 5 ጊጋኸርትዙ፣ ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል፤ ዝግ የሚለው ባለ 2.4ቱ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሮቶ አያልፍም። በዚህ የተነሣ ግቢያችን ውስጥ የትም ያልተሰማ ሕግ ወጣ፦ ቧንቧ ለሳምንት ሲጠፋና ሮቶው ባዶ ሲሆን የኔ ኮኔክሽን ይፈጥናል። ሰፈሩ በጀሪካን ሲሯሯጥ እኔ ሰርቪስ ቤቴ ተዘግቼ ፊልም አወርዳለሁ። እማዬ ይህን የደረሰችበት ቀን ጀሪካን ይዤ ወጣሁ።

የዲስኩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ራውተሩ ላይ ስሰካው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አልነሣም አለ። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጆሮውን አስጠጋና «ጋሼ፣ ይሄ ምግብ አንሶት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የራውተሩ ዩኤስቢ 500 ሚሊአምፔር ያህል ነው የሚሰጠው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ለመነሣት ብቻ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከግድግዳ ሶኬት የሚበላ የዩኤስቢ ማከፋፈያ በመሀል ገባና ተነሣ። ከዚያ ሰርጉን ልገለብጥ ስል 400 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ይተልቃል» አለኝ። ዲስኩ የተሰናዳው ፋት 32 በሚባለው አሮጌ ስልት ስለሆነ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ መቁጠር አይችልም። ጎተራው ሰፊ፣ በሩ ጠባብ። ፎርማት አድርጌ በሌላ ስልት አሰናዳሁት።

ቀጥሎ ላፕቶፔ ዲስኩን አላየውም አለ። ቲቪው ያየዋል፣ ስልኬ ያየዋል፣ ላፕቶፑ ዐይኑን ጨፍኗል። ሁለት ሌሊት አንብቤ ደረስኩበት። ዕቃዎቹ ፋይል ሲጋሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል፤ የኔ ርካሽ ራውተር የሚያውቀው የጥንቱን፣ አንደኛውን ቅጂ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በአሮጌው ቅጂ ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ ከዚያው ዓመት መጨረሻ ወዲህ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 10 ካላዘዙት በቀር በዚህ ቋንቋ አይናገርም። ራውተሩ በግእዝ ይቀድሳል፣ ላፕቶፑ ካልተተረጎመልኝ አልሰማም ይላል። እኔም አሮጌውን ቋንቋ ላፕቶፔ ላይ መልሼ ከፈትኩት፤ ይህን አንባቢ ከኔ ባይማር ደስ ይለኛል።

በእንዲህ ያሉ ሣጥኖች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሳምባ የሚባለው ነው። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ጀመረው፤ ስሙንም ያገኘው ኤስ፣ ኤምና ቢ የተባሉት ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል ፈልጎ ነው። ሰውየው አማርኛ ስለማያውቅ ምን እንዳደረገን አያውቅም።

ግንቦት 2015 ገባ። ራውተሩ በየቀኑ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ቡዳ። አንድ ቀን ዳንቴሉን ገልጬ እጄን ባሳርፍበት ምጣድ ሆኗል።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለች እማዬ ከቡናው ሥር።

«ሙቀቱ ነው። ሳምባ የሚባለውም ነገር…»

«ሳምባ አለው?»

«አለው፣ ግን እንደምታስቢው…»

«እና ሳምባ እንዳለው ዛሬ ነው የምትነግረኝ? ቀድመህ ብትነግረኝ አፍኜው ነበር?»

ዳንቴሉን አንሥታ አራግፋ ከሥሩ አነጠፈችለት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ የነበረውን ፋን አንገቱን ጠምዝዛ ወደ ራውተሩ አዞረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ከቀትር በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ የእሱ ነው። መጥፋቱንም ተወ። እኔ ሁለት ወር የፈለግሁትን እሷ በአንድ የቃል ስሕተት አገኘችው።

ሐምሌ ላይ የሠራሁትን ደግሞ በማንም ማሳበብ አልችልም። ኮኔክሽኑ ተንቀራፈፈብኝና ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በእማዬ መርፌ ወጋሁ፤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። መብራቶቹ ሁሉ ተመልሰው በሩ፣ ከኢንተርኔቷ በቀር። ያች ቀዳዳ የዋይፋዩን ስም ብቻ አይደለም የምታጠፋው፤ መስመሩ ሲገባ የተሰጠኝን ዩዘርኔምና ፓስወርድም ጠርጋ ትወስዳለች። ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ካርቶኑን እማዬ ጫጩት አሳድራበታለች። ወረቀቱን ከሥሩ ሳወጣው ጫጩቶቹ ጨርሰውታል፤ የቀሩት ሁለት ፊደላት ናቸው። የቴሌ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «ወረቀቱ የለዎትም?» ስትለኝ ጫጩት በላው ማለት አፍሬ «ቤት ረስቼው ነው፣ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ለሳምንታት አልተመለስኩም።

በነሐሴ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ተከራይ አለ፤ ሁሉም እኔ ዘንድ መጡ። «ኢንተርኔት እኔም የለኝ» አልኩ። ግን ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ዋይፋዩ አለ፤ ዋይፋዩ ካለ ዲስኩ አለ። ይህን ብዙ ሰው አይለየውም፤ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስለዋል። ዋይፋይ የግቢው መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ከግቢው በር ውጭ ያለው አውራ ጎዳና ነው። ጎዳናው ቢዘጋ ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት መሄድ የሚከለክልህ የለም። ለተከራዮቹ አሳየኋቸው፣ ተከራዮቹ ለዘመድ አሳዩ፣ በሳምንቱ አጥራችን ላይ ስልክ ይዞ የሚደገፍ ወጣት በዛ። ሁሉም ያለውን ይጭናል፣ የሌለውን ይወስዳል። «መዝሙር» የሚል ፎልደር ተከፈተ፤ በማግስቱ ከሥሩ «መንዙማ» የሚል። «12ኛ ክፍል ፊዚክስ» መጣ። የሽንኩርት በሽታ ፎቶ ብቻ ያለበት ፎልደር መጣ፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ ግን ገበሬዎች ሲያዩት አይቻለሁ። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ጨውና ማሽላ ይዞ እንደሚገናኘው ነበር። ይፋትን በገዙት በወላስማዎች ዘመን የዘይላ ነጋዴ በዚሁ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ እንግዳ ማስተናገድ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ደስ ብሎኝ ስለነበር ገና ከጅምሩ ፓስወርዱን አንሥቼዋለሁ። «ማንበብ ብቻ» የሚለውንም ትቼ «ማንበብና መጻፍ» ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ካሜራማኑ ለሰርጉ ፋይል የሰጠውን ስም እስካሁን አልነገርኳችሁም። «ፋይናል 2» ነው።

ዲስኩ ሞላ። የአንዱ ተከራይ ልጅ የቱርክ ድራማ ሊጭን ቦታ አጣ። ትልልቁን ፋይል ፈለገና «ፋይናል 2»ን አገኘ። «ጋሼ፣ የአምና ፈተና መስሎኝ» አለኝ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። ምን ይባላል? 6 ጊጋ የሚያህል ፈተና የት አይቶ እንደሚያውቅ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። ስምንተኛ ክፍል ነው።

እስከዚያን ቀን ድረስ የጠፋ ፋይል ሁሉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይቆያል ብዬ አምን ነበር። ያ የሚሆነው የራስህ ኮምፒውተር ላይ ነው። በኔትወርክ የተጋራ ዲስክ ላይ የጠፋ በአብዛኛው በቀጥታ ይሄዳል። በእርግጥ ፋይሉ ሲጠፋ የሚሰረዘው አድራሻው ነው እንጂ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት በቦታው አለ፤ ወዲያው ነቅለው ቢያስቀምጡት የሚመልስ ፕሮግራም አለ። እኔ ግን የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው። ጠጋኙ ልጅ የመለሰልኝን ስንከፍተው ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ይጀምርና በሁለተኛው ሰከንድ ኢስታንቡል እንገባለን። ፍላሹስ አትሉም? የታጠበው ፍላሽ ዲስኩ ከተገዛ በኋላ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ለዘፈን መቅጃ ለሰው ሰጥቼዋለሁ።

እማዬ አልተቆጣችም። «ተወው፣ በሕይወት አለች አይደል» አለች። ማታ ግን ቡናው ሲፈላ ቲቪውን አትከፍትም፤ ይኼ ከቁጣ ይብስ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ፊት የተሰካች ትንሽ ስክሪን ላይ ሰው ይጨፍራል። አጎቴ ነው። ከአጎቴ ጀርባ የእኛ ሮቶ ቆሟል።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከዋይፋይ ግቢ ነው ጋሼ። እስክስታው ይመቸኛል፣ ሌላውን ቆርጬ ጣልኩት።»

ዋይፋይ ግቢ የኛ ቤት ነው፤ ስም እንደወጣልን አላውቅም ነበር። 41 ደቂቃ ተርፏል። የዚያኑ ማታ ቀድቼ ለእማዬ ከፈትኩላት። ጥሎሹ የለም፣ ኬክ ቆረሳውም የለም፤ ከጭፈራው መሀል ይጀምራል፣ ከጭፈራው መሀል ይቆማል። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አሁን ዲስኩ «ማንበብ ብቻ» ሆኗል፤ 41ዱ ደቂቃ በሦስት ቦታ ተቀምጧል፣ አንዱ ደብረ ብርሃን ነው። መስመሩም ተመልሷል፤ ለልጅቷ ስለ ጫጩቶቹ እውነቱን ነገርኳት፣ አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። ከጎደለው ሁሉ የቆጨን የመልሱ ቪዲዮ ነው። እማዬ ራሷ የጨፈረችው እዚያ ላይ ነው፤ ጅዳ ያለችው አክስቴም ካላየሁ አላምንም ብላለች። በዚያ ነሐሴ ከኛ ግቢ «ፋይናል 2»ን የቀዳችሁ የሮቢት፣ የሰንበቴ፣ የአጣዬ ልጆች፣ ቪዲዮው ሳይቆረጥ ካላችሁ ንገሩኝ። አልቆጣም፤ ሃርድ ዲስኬን ይዤ እኔው እመጣለሁ።