ኤሲውን ማን ጠየቀው?

ልጆቼ፣ የእኔ ሙያ ኤሲ መጠገን ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትጠግኑ ግን መፍቻ ከመጨበጣችሁ በፊት ጠበቃ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ሰም አቅላጭ መሆን አለባችሁ።

ጋዜጣውን ግለጡት። የጨረታው ማስታወቂያ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ይላል፣ ቲን ቁጥር ይላል፣ የቫት ምዝገባ ይላል፣ የታክስ ክሊራንስ ይላል። እስከ ታች ብትወርዱ «መጠገን የሚችል» የሚል መስመር አታገኙም። መጨረሻ ላይ ግን መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ የመሰረዝ መብቱ በሕግ የተጠበቀ መሆኑ አይረሳም። የእኔን መብት የሚጠብቅልኝ ጠፍቶ ነው እንጂ!

ከዚያ ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የባንክ ሲፒኦ ይመጣል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የግዥ መመሪያ የጨረታ ማስከበሪያውን ከግምታዊ ዋጋው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ አደረገው፤ ላሸነፈ ደግሞ ቢያንስ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ጨመረበት። ድሮ ዕቃው የተበላሸበት ሰው «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ» ብሎ ቡና ያስፈላልኝ ነበር። ዛሬ የተበላሸው የእነሱ፣ መያዣ የማስይዘው እኔ!

ኤንቬሎፑንስ አታንሱብኝ። ቴክኒካሉ ለብቻ፣ ፋይናንሻሉ ለብቻ፣ ኦሪጅናሉ ለብቻ፣ ኮፒው ለብቻ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ በሌላ ኤንቬሎፕ፣ በሰም ታሽጎ፣ በየገጹ ማኅተም። ስርዝ ድልዝ ከተገኘ ውድቅ! የመዳብ ቱቦ ስበይድ ያልተንቀጠቀጠ እጄ ዋጋ መሙያው ላይ ሲደርስ ይንዘፈዘፋል። አሁን ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ሆኗል ተባለ፤ ከሰሙ ተገላገልኩ ብዬ ሳልጨርስ «ሲስተም የለም» መጣ። ሰሙስ ቢያንስ ሁልጊዜ ነበረ።

ዋናው ሕመም ግን የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። «ጋዝ መሙላት» የሚል ተራ ቁጥር አለ፤ «የሚያፈስበትን መፈለግ» የሚል የለም። ልጆቼ፣ የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። የታሸገ ዑደት ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ከጎደለ አንድ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ናይትሮጅን ተሞልቶ፣ ቀዳዳው ተገኝቶ፣ ተበይዶ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ተመጥጦ ነው ጋዙ በሚዛን የሚገባው። ይህን ሁሉ ድካም ዋጋ የምጽፍበት ተራ ቁጥር የለምና ጋዙ ላይ ስጨምረው ውድ ሽማግሌ እባላለሁ። ጎረምሳው ተወዳዳሪዬ ጋዙን ብቻ ነፍቶ ሊሄድ ግማሹን ይጽፋል፤ ዝቅተኛ ዋጋ አቀረበ ተብሎ ያሸንፋል። ጋዙ በቀዳዳው ይወጣል፤ መሥሪያ ቤቱም ሌላ ጨረታ ያወጣል። ማስታወቂያው እንደሆነ አይነጥፍም!

አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለኤሲዎቹ ሁሉ አር-22 የሚባለውን ጋዝ ሙሉ አለን። ግማሾቹ በአር-410ኤ የሚሠሩ ናቸው፤ ግፊቱ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ። አር-22 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት እየተወገደ ያለ ጋዝ መሆኑንም ጨምሬ ማብራሪያ ጠየቅሁ። መልሱ «በሰነዱ መሠረት ይሙሉ» ሆነ። ሰነዱን የጻፈው ሰው የድሮ ሰነድ ገልብጦ ነዋ! ኤሲውን ማን ጠየቀው?

ጊዜውስ? ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ሰው ሲያቀልጥ ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል። በጀቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ሁሉም ይባንናል። አዲስ አበባ ዝናብ እየወረደ፣ ጸሐፊዋ ጋቢ ደርባ፣ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ «በደንብ ያቀዘቅዛል?» እባላለሁ። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል፤ ለብርድማ እንዴት እንደሚመች እኔን ጠይቁኝ።

ዋጋችሁ ለ60 ቀን ጸንቶ ይቆይ ይሏችኋል። ብር ራሱ መች ጸና? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የኮምፕሬሰር ዋጋ ከእኔ ቀድሞ መሰላሉን ወጣ፤ ቅጹ ላይ የሞላሁት ቁጥር ግን እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ክፍያው ፊርማ ይጠብቃል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ ስብሰባው አያልቅም።

እንግዲህ እኔም ማስታወቂያ አውጥቻለሁ፦ «የሚያፈስበትን ፈልጎ የሚደፍን ሽማግሌ አለ። ጠሪው መሥሪያ ቤት ጠንካራ መሰላል ማቅረብ፣ ሥራው ባለቀ ማግስት መክፈልና በክረምት አለመጥራት ይኖርበታል። ሽማግሌው ሥራውን በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ትቶ ቤቱ የመተኛት መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።»